የሟች ልብስ የት ይደር?

በደዶ ቀብር አይዘገይም። ከጅማ ከተማ በስተደቡብ፣ ከደጋው ተነስቶ እስከ ጎጀብ ወንዝ ቆላ በሚወርደው በዚህ ወረዳ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። ጀናዛው ታጥቦ፣ በነጭ ከፈን ተጠቅልሎ፣ ሶላት ተሰግዶበት የሚቀበረው ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ነው። ሦስት ቀን ጎረቤት ከቤቱ አይጠፋም፤ ቁርዓን ይቀራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ጀበናው ከረመጡ አይወርድም፣ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» የሚል ይመላለሳል። በክርስቲያኑ ቤትም ፍትሐት፣ ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ እያለ እስከ ሙት ዓመት የሚዘልቅ ቀጠሮ አለ፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። በተለይ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ለቅሶ ቤት መሰንበት የሚችል ጥቂት ነው፤ የቀላ ፍሬ ሐዘንተኛን አይጠብቅም።

ቤተሰቡ ብቻውን ሲቀር ዞር ብሎ የሚያየው ልብሱን ነው። ከሚስማሩ ያልወረደ ጃኬት፣ ከበሩ ጥግ የቀረ ቦቲ፣ በሳጥን የተጣጠፈ የዒድ ሸሚዝ። ሬሳውን ማን እንደሚያጥብ፣ መቃብሩን ማን እንደሚቆፍር፣ ድንኳኑ በስንተኛው ቀን እንደሚነሳ የታወቀ ነው። የልብሱ ጉዳይ ግን «ለድሃ ስጡት» ከሚል አጭር ምክር አያልፍም። መቼ ይሰጥ? ማን ይምረጠው? ለመስጠት የሚያሳፍረው፣ የተቀደደውና የነተበውስ ምን ይሁን? መልስ ስለሌለው ልብሱ በብዙ ቤት ወይ በመጀመሪያው ሳምንት በችኮላ ይወጣል፣ ወይ ከሳጥን ግርጌ ገብቶ በጅማ ረጅም ክረምት የሻጋታና የብል ሲሳይ ይሆናል። በችኮላ የሰጠው ሰው ቆይቶ «አንዱን እንኳ በያዝኩ ኖሮ» ይላል፤ የደበቀው ደግሞ ሳጥኑን መክፈት ይፈራል።

በሌላው ዓለም ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ የመታሰቢያ ብርድ ልብስ ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም። የሟቹ ልብሶች በአራት ማዕዘን ይቆረጣሉ፤ ቁራጮቹ ጎን ለጎን ተሰፍተው አንድ ሰፊ ገጽ ይሆናሉ፤ ከሥሩ የተባዘተ ጥጥ ወይም አሮጌ ጋቢ ይነጠፋል፤ ከታች ገበር ይገባለታል፤ ሦስቱ ንብርብር እንዳይንሸራተት ከላይ እስከ ታች በመርፌ ይያያዛል። ቲሸርትና ሹራብ ስለሚለጠጥ ከመቆረጡ በፊት ከጀርባው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ ይደረግለታል። ይህ ልማድ በደዶም ሆነ በጅማ የለም፤ አለ ብሎ ማስመሰልም አያስፈልግም። ቢሞከር ግን ይጠቅማል ብዬ እከራከራለሁ። የምከራከረው ጨርቁ የተለየ ኃይል ስላለው አይደለም። ሐዘንተኛው ልብሱን አንድ በአንድ እያነሳ እንዲወስን፣ እጁን እንዲያሠራ፣ ሰው ከጎኑ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ሥራ ስለሆነ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ሁሉ ደግሞ፣ ከመርፌው እስከ ደቦው፣ እዚሁ አለ።

የመጀመሪያው ተቃውሞ «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል መሆኑ አይቀርም። ብርድ ልብሱ የፈረንጅ ነው፤ በሟች ልብስ ማልቀስ ግን የእኛው ነው። በሰሜኑ ደጋ ትልቅ ሰው ሲሞት ልብሱ፣ ጋሻውና ጠመንጃው ለቅሶ ሜዳ ይወጣ ነበር፤ ፈረሱ ከነኮርቻው ይጎተታል፣ ሙሾ አውራጇ በልብሱ እየጠቆመች ታስለቅሳለች። ዛሬ ቦታውን የያዙት በመስታወት የገባ ፎቶግራፍና የሟቹ ምስል የታተመበት ቲሸርት ናቸው፤ ለአርባና ለሙት ዓመት ቲሸርት አሳትሞ መልበስ በከተሞቻችን ከተለመደ ቆይቷል። ሐዘንተኛዋ ራሷ ሐዘኗን የምትናገረው በጨርቅ ነው፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብሳለች፣ ጥቁር ትለብሳለች፣ ቀኑ ሲደርስ ታወልቃለች። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከአጽሞቹና ከፎቶግራፎቹ ጋር የሰለባዎቹን ልብስ ያሳያል። ፎቶግራፍ ሰው ተዘጋጅቶ የቆመበት ሰዓት ነው፤ ልብስ ሳይዘጋጅ የኖረበት ነው። እዚያ የተሰቀለ ሹራብ ፊት ለረጅም ጊዜ የሚያስቆመውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በጅማም የንጉሡ የአባ ጅፋር መገልገያዎች በሙዚየም ተቀምጠው ይጎበኛሉ። ለንጉሥ ንብረት ጠባቂ ይቀጠርለታል፤ የገበሬው ጃኬት ጠባቂ ቤተሰቡ ብቻ ነው።

ብርድ ልብሱ ትልቅ ትርጉም ያገኘው ደግሞ ለቅሶ በተነፈገበት ቦታ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሳን ፍራንሲስኮ ክሊቭ ጆንስ የተባለ የመብት ታጋይና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1987 በኤድስ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ መስፋት ሲጀምሩ፣ ሬሳ አንቀበልም የሚሉ የቀብር ድርጅቶችና ልጃቸው በምን እንደሞተ መናገር የሚያፍሩ ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ። እያንዳንዱ ጨርቅ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80 ያህል እንዲሆን ተወሰነ፤ የአንድ መቃብር ልክ ነው። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ የሕፃን አሻንጉሊት ሳይቀር ተሰፋበት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በዋሽንግተን ሜዳ ላይ ሲዘረጋ 1,920 ነበር፤ ዛሬ ወደ 50,000 ደርሷል፣ ክብደቱም 54 ቶን ይገመታል። በአምባገነኑ ፒኖቼ ዘመን በቺሊ፣ ታፍነው የጠፉ ሰዎች እናቶችና ሚስቶች ደግሞ በጆንያ ጨርቅ ላይ የልብስ ቁራጭ እየሰፉ የደረሰባቸውን በምስል ይናገሩ ነበር፤ ከቁራጮቹ አንዳንዶቹ የጠፉት ሰዎች ልብስ ናቸው። የሰፉትም በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተሰብስበው ነው።

ይህ ከደዶ የራቀ ታሪክ ሊመስል ይችላል። እኛም ግን ሬሳ የሌለበት ለቅሶ እናውቃለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ከሳምንት በኋላ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሥርዓቱ የተፈጸመው በባዶ ሣጥን ነበር፤ ለቤተሰቦች ከአደጋው ቦታ የተዘገነ አፈር ተሰጣቸው። ወደ ጅማ ዞን ስንመለስ፣ ከየወረዳው ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ወጣት ሴቶች ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ከነሱም መካከል እዚያው ሞተው እዚያው የሚቀበሩ አሉ። እናት የምታጥበው ገላ፣ የምትቆምበት መቃብር የላትም። ያላት ልጅቷ ስትሄድ ትታው የሄደችው የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና ሻሽ ነው። የልብስ ሥራ ከማንም በፊት የሚገባው ለዚህች እናት ነው፤ ለሌላው ተጨማሪ ነው፣ ለእሷ ግን የቀብሩን አንድ ክፍል ይተካል።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከሥነ ልቦና በኩል ነው፤ «የሟችን ዕቃ ታቅፎ መቀመጥ ሐዘን ያስረዝማል» የሚለው። ሰፈር ውስጥ አሮጊቶች የሚሉትን ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 በጽሑፍ ብሎታል፤ ሐዘን የሚያልቀው ልብ ከሟቹ ቀስ በቀስ ሲላቀቅ ነው ብሎ ነበር። ዴኒስ ክላስ፣ ፊሊስ ሲልቨርማንና ስቲቨን ኒክማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ተቃወሙ፤ ብዙ ጤነኛ ሐዘንተኞች ከሟቹ ጋር ያላቸውን ትስስር መልኩን ይቀይሩታል እንጂ አይቆርጡትም አሉ። ሙት ዓመት ለሚያወጣና ለአባቱ ነፍስ ሰደቃ ለሚያበላ ሕዝብ ይህ አዲስ ዜና አይሆንም። ይሁን እንጂ የአሮጊቶቹን ነገር ቸል ማለት አይቻልም። ናይጄል ፊልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ የትዳር ጓደኛቸውን ካጡ ሰዎች መካከል በሟቹ ዕቃ መጽናናትን ያዘወተሩት ሐዘናቸው የቀነሰው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነበር፤ በመልካም ትዝታ የሚጽናኑት ግን የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኙ። ይህ ለብርድ ልብስ ደጋፊ የሚመች ማስረጃ አይደለም። እኔ ግን ልዩነት አያለሁ። እንዳለ የተሰቀለ ጃኬት ባለቤቱን ይጠብቃል፤ «ይመለሳል» የሚል ስውር ተስፋ በውስጡ አለ። የተቆረጠ ጃኬት ማንም አይለብሰውም። መቀሱን ያነሳ ሰው፣ ቢያለቅስም ባያለቅስም፣ ባለቤቱ እንደማይመለስ በእጁ አምኗል። ዕቃው ወደ ትዝታ የሚለወጠው እዚያ ላይ ነው፤ ጥናቱ የሚነካው ሳይቆረጥ የተቀመጠውን ልብስ እንጂ ይህን አይመስለኝም።

መቁረጡን ቀረብ ብለን እንየው። የቡና ለቃሚ ሸሚዝ ከሆነ ሆዱ አካባቢ ቡናማ ነጠብጣብ አለው፤ የበሰለ ፍሬ ጭማቂ ጨርቅ ከነካ በሳሙና አይለቅም፣ ቅርጫቱም የሚታሰረው ወገብ ላይ ነው። ኮሌታው ከኋላ በኩል ነትቧል፣ የቀኝ ክርኑ ሳስቷል፣ የደረት ኪሱ በብዕር ወይም በሲጋራ ፓኮ ቅርጽ ተለጥጧል። አንድ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተተክቷል፤ ያንን የተከለው እጅ ደግሞ ምናልባት አሁን መቀሱን የያዘው ነው። የሚቆርጠው ሰው ኪሱን ያስቀር ወይስ ጠፍጣፋውን ጀርባ ይምረጥ መወሰን አለበት። ስፌት የሚያውቅ ሰው «የጀርባው ጨርቅ ሰፊ ነው፣ እሱን ውሰድ» ይላል፤ ሚስት ወይም ልጅ ኪሱን ትላለች። በዚህ ክርክር መካከል ስለ ሟቹ ብዙ ይወራል፣ አልፎ አልፎም ይሳቃል። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት ሐሳብ ሐዘንተኛ በሁለት ሥራ መካከል ሲመላለስ ነው የሚበረታው፤ አንዴ ወደ ጉዳቱ ይዞራል፣ አንዴ ወደ ቀጣዩ ኑሮ። ልብስ ስፌት ሁለቱን ባንድ ወንበር ያገናኛል። ኪሱን ሲያይ ያዝናል፣ ክሩ ሲበጠስ ደግሞ ስለ ክሩ ያስባል።

ሃይማኖታዊና ሕጋዊ ጥያቄዎቹ ጠንካራ ናቸው፤ በደዶ ደግሞ ሳይመለሱ መነሳት አይቻልም። በእስልምና የሟች ልብስ እንደ ከብቱና እንደ ቡናው ሁሉ ውርስ ነው። ዕዳ ከተከፈለና ኑዛዜ ከተፈጸመ በኋላ ለወራሾች ይከፋፈላል፤ ከወራሾቹ መካከል የቲም፣ ማለትም ለአካለ መጠን ያልደረሰ አባት አልባ ልጅ፣ ካለ የእሱን ድርሻ መንካት በቁርዓን በብርቱ የተወገዘ ነው። ስለዚህ ታላቅ ልጅ ብድግ ብሎ የአባቱን ልብስ ቢቆርጥ ሐዘን አልተወጣም፣ የሌላውን ሐቅ ነክቷል። ከወራሾች ስምምነት በፊት መቀስ አይነሳም። የሦስቱ ቀን ጉዳይም አለ። ሐዘንን ከሦስት ቀን በላይ በአደባባይ ማራዘም የተከለከለ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፣ ከጌጥም ትርቃለች። ይህ ክልከላ የሚመለከተው የሐዘንን ሥርዓት ነው፤ ሟቹን ማስታወስን፣ ዱዓ ማድረግንና በስሙ ሰደቃ ማውጣትን አይመለከትም። ቤት ተቀምጦ መስፋት ሙሾ ማውረድ አይደለም። እንዲያውም በዒዳ ላይ ያለች ሴት ከቤት ብዙም የማትወጣበት ጊዜ ለመርፌ ሥራ የተመቸ ነው። የምትጠራጠር ግን ከመጀመሯ በፊት የምታምነውን ዓሊም ብትጠይቅ ይሻላታል፤ ክርስቲያኗም የንስሐ አባቷን።

«ልብሱ የድሃ ነው» የሚለው ተቃውሞ በበኩሉ ከሚመስለው ይልቅ ለብርድ ልብሱ ያግዛል። ቁርዓን መልካም ሥራ የሚገኘው ከሚወዱት በመስጠት መሆኑን ያስተምራል፤ ነዳያንን የሚያከብር ክርስቲያንም ለተዝካር የነተበ አይሰጥም። እንግዲህ ደህናው ካፖርት፣ ደህናው ጋቢ፣ ያላለቀው ጫማ ለሚያስፈልገው ሰው ይሂድ፤ ከደጋው ብርድ ጋር ለሚታገል ሰው አንድ ካፖርት ትልቅ ነገር ነው። ለመቁረጥ የሚቀረው ማንም የማይቀበለው ነው፦ የቡና ነጠብጣብ ያለበት ሸሚዝ፣ ክርኑ የተበሳ ሹራብ፣ ጫፉ የተተለተለ ሽርጥ። ሟቹ ብዙ ቀን የዋለበት ደግሞ እሱ ነው። ለዒድ ብቻ የወጣው ሸሚዝ ስለ ሰውየው የሚናገረው ጥቂት ነው። በዚህ ዓይነት መርጦ ለሚከፋፍል ቤተሰብ ሰደቃውና መታሰቢያው አይሻሙም።

ብዙ ሰው አፍ አውጥቶ የማይናገረው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ይሉኝታ። ቁርጥራጭ ገጣጥሞ መልበስና መተኛት በኛ ዘንድ ድሪቶ ነው፣ ድሪቶ ደግሞ የችግረኛ ወይም የመናኝ ነው። እንግዳ አልጋው ላይ ሲያየው «ባላቸው ሞቶ ለድሪቶ ተዳረጉ» ይባላል ብሎ የሚፈራ ቤተሰብ ቢኖር አይፈረድበትም። ይህን በስብከት ማጥፋት አይቻልም፤ በአሠራር ግን ማለፍ ይቻላል። ሙሉ የአልጋ ልብስ መሥራት ግዴታ የለም። ሦስት አራት ቁራጭ በነጭ አቡጀዲ ላይ በሥርዓት ተሰፍቶ የትራስ ልብስ ይሆናል፤ የሻሽ ቁራጭ በጋቢ ጥለት ጎን ይሰፋል፤ የልጅ ዩኒፎርም ኪስ ለቁርዓን ወይም ለዳዊት ማኅደር ጌጥ ይሆናል። ዳር ዳሩ በአንድ ቀለም ጨርቅ ከተቀመቀመ ሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። ጥንቅቅ ያለ የእጅ ስፌት ያለበትን ነገር ማንም ድሪቶ አይለውም።

ማን ይስፋው? በጅማ መርካቶም ሆነ በወረዳ ከተሞች በረንዳ ላይ የእግር ሲንገር የስፌት መኪና ዘርግተው የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች አሉ፤ የቁራጮቹን መጋጠሚያ ቀጥ አድርጎ ለመምታት ከነሱ የተሻለ የለም። ለዒድና ለትምህርት ቤት መክፈቻ ሰሞን ግን ሥራ ስለሚበዛባቸው እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መሄድ አይመከርም። ሁሉንም ለሰፊ አስረክቦ መመለስ ደግሞ ዋናውን ጥቅም ያስቀራል። ቆርጦ መምረጡ፣ ገበሩን ማያያዙ፣ ዳሩን መቀምቀሙ ቤት ውስጥ ቢቀር ይሻላል፤ መርፌና ክር ዋጋቸው ያን ያህል አይደለም። እዚህ ላይ ደቦ ይገባል። ለአጨዳና ለቤት ሥራ ደቦ የሚጠራ ገጠር፣ ለአንዲት ሐዘንተኛ አራት አምስት ሴቶች በሁለተኛው ወር አንድ ከሰዓት መርፌ ይዘው ቢሰበሰቡላት ከልማዱ አልወጣም። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 29 የብርድ ልብስ ሰፊዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰፊዎቹ ከሥራው አገኘን ካሉት ጥቅም አንዱ ከሰዎች ጋር መሰባሰቡ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ስለ ሐዘን ተብሎም የተሠራ አይደለም፤ ስለዚህ ብዙ አልጭንበትም። የኛ ለቅሶ ድክመት ግን ያለ ጥናትም ይታያል፤ በሦስቱ ቀን ሰው ይጎርፋል፣ በሁለተኛው ወር በሩን የሚያንኳኳ ይጠፋል። ለመምጣት ምክንያት ያስፈልጋል፤ «ስፌቱን ላግዝሽ» ደግሞ «እንዴት ሆነሽ» ከሚለው የቀለለ ምክንያት ነው።

ለሁሉም ሰው የሚሆን ነገር አለመሆኑም መነገር አለበት። ሽታው እንዳይጠፋ ልብሱ እንዳይታጠብ የሚፈልግ ሰው ይኖራል፤ ለብርድ ልብስ የሚሆነው ታጥቦ መድረቅ ስላለበት አንዱ ሳይታጠብ በላስቲክ ታስሮ ይቀመጥለት። ልብሱን ገና ማየት የማይችል ሰው ደግሞ አይገደድ፤ ጨርቅ ዓመት ይጠብቃል፣ ብቻ ክረምት ሳይገባ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በአዲሱ የበሽታዎች ምደባው፣ ከስድስት ወር በኋላም ሰውን ከሥራና ከኑሮ የሚያግድ ከባድ ሐዘን ሕክምና የሚሻ ሕመም መሆኑን ተቀብሏል። ምግብ የተወ፣ ልጆቹን መንከባከብ ያቃተው፣ መሞትን የሚመኝ ሰው የሚያስፈልገው መርፌና ክር ሳይሆን ሐኪም ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው። ነፍስ ያላወቀ ልጅ ያለበት ቤትም ቢያንስ አንድ ልብስ ሳይቆረጥ፣ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥለት። ልጁ አድጎ የአባቱን ሸሚዝ ሸሚዝ አድርጎ መልበስ ይፈልግ ይሆናል።